የጭነት መኪና ነጂነት ትምህርትና ከፋዩ፤ ከፎገራ ሜዳ የታየ ታሪክ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው 55 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ ወረታ ይደርሳል። ከዚያ አንዱ መንገድ ወደ ሰሜን ሲቀጥል፣ ሌላው ወደ ምሥራቅ ታጥፎ በደብረ ታቦር፣ በጋይንትና በጋሸና በኩል እስከ ወልድያ ይዘልቃል። ቁሐር ሚካኤል በዚሁ በፎገራ ሜዳ ላይ ከሚገኙት ቀበሌዎች አንዱ ነው። የቀበሌው ልጅ ከብት ሲጠብቅም ሆነ ወደ ትምህርት ቤት ሲመላለስ የጭነት መኪና ድምፅ ከጆሮው አይርቅም፤ የአባቱም ሩዝ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ጎንደርና ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው በዚሁ መኪና ነው። ስለዚህ ስምንተኛ ወይም ዐሥረኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ያቆመ፣ ወይም ዐሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ወደ ዩኒቨርሲቲ ያላለፈ ወጣት «ሾፌር እሆናለሁ» ቢል የሚያስደንቅ አይደለም። ሐሳቡን የሰማ ቤተ ሰብ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ልጁ ችሎታ አይደለም፤ የማሠልጠኛውን ገንዘብ ከየት እናመጣለን ብሎ ነው።

ይህን ጥያቄ በአካባቢው ያሉ መምህራን ዘወትር ይሰሙታል። እኔም በምሠራበት የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ከፎገራና ከሊቦ ከምከም የሚመጡ ዕጩ መምህራን ስለ ወንድሞቻቸው ሲያወሩ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ጥያቄው ለዛሬ ዘመን ብቻ የተፈጠረ መስሎ ቢታይም ረጅም ታሪክ አለው። በኢትዮጵያ የጭነት መኪና ነጂን ያስተማረው ማን ነው? ሒሳቡንስ የከፈለው ማን ነው? ይህን ስንመረምር አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል፤ ይኸውም የሥልጠናው ወጪ በየዘመኑ ከፋዩን ይለውጣል እንጂ ጨርሶ ጠፍቶ አያውቅም። ከፋዩን ከማወቅ ባላነሰም የሚከፈልበትን ጊዜ ማወቅ ያስፈልጋል። ተማሪው ከመሥራቱ በፊት ይከፍላል? እየሠራ ይከፍላል? ወይስ ከሠራ በኋላ? የአንድ ድሃ ልጅ ወደ ሙያው መግባትና አለመግባት የሚወሰነው በአብዛኛው በዚህ ላይ ነው።

ከአጋሰስ ወደ ካሚዮን

መኪና ከመምጣቱ በፊት ዕቃ ማመላለስ የሲራራ ነጋዴ ሙያ ነበር። ከፎገራ ሜዳ በስተ ሰሜን የምትገኘው ይፋግ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የታወቀች ገበያና የቀረጥ መቀበያ ኬላ ነበረች። በዚያ የሚያልፈው ቅፍለት አጋሰስ የሚነዱ፣ ጭነት የሚጭኑና የሚያራግፉ፣ ሌሊት የሚጠብቁ ልጆች ነበሩበት። ማንም የትምህርት ክፍያ አልጠየቃቸውም፤ እነርሱም ደመወዝ ይህ ነው የሚባል አላገኙም። ወንዝ የሚሻገሩበትን ወቅት፣ ኬላ የሚታለፍበትን ብልሃት፣ የበቅሎ ጀርባ እንዳይቆስል ጭነት የሚመዘንበትን ዘዴ ሁሉ የተማሩት በእግራቸው እየሄዱ ነው። ይህን ልብ እንበል፤ ሥርዓቱ ከመኪና ጋር አልጠፋምና።

ወልድያ ድረስ የሚሄደው የዛሬው መንገድም ቢሆን የራሱ ቀዳሚ ታሪክ አለው። አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የአውሮፓ የእጅ ባለሙያዎችን አስቀምጠው መድፍና የመድፍ ጋሪ ያሠሩ ነበር፤ ኢትዮጵያውያን ወጣቶችም ከባለሙያዎቹ ጋር ሆነው ይማሩ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥተው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በጋሪ ጭነው፣ መንገድ እያስጠረጉ በጋይንትና በዋድላ በኩል በመጋቢት ወር መቅደላ ደረሱ። ጋሪው ሽቅብ ሲወጣ የሚጎትተው፣ ቁልቁል ሲወርድም በጠፍር ከኋላ የሚይዘው የሠራዊቱ ጉልበት ነበር። በዚህ አገር ትልቅ ጭነትን በጎማ ባይሆንም በመንኰራኵር ያመላለሰው ትምህርት በመንግሥት ኪሣራና በወታደር ትከሻ የተከፈለ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን። ቁልቁለቱ ከዳገቱ የሚከብድ መሆኑም ያን ጊዜ ታውቋል።

የመጀመሪያው መኪና ወደ አዲስ አበባ የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሠላሳ ያህል ዓመታት መኪና ማሽከርከር የቤተ መንግሥት፣ የመኳንንት፣ የውጭ አገር ኤምባሲና የጥቂት ነጋዴዎች ጉዳይ ሆኖ ቆየ። የጭነት መኪና ብዛት ያየነው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ነው። በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ጎንደር የገባው የስታራቼ ጦር ከአሥመራ የተነሣው በካሚዮን ተጭኖ ነበር፤ ከዚያም ወደ ጣና ዙሪያና ወደ ደብረ ታቦር ወረደ። ለፎገራ ሰው ካሚዮን መጀመሪያ የታየው ከወራሪ ጋር መሆኑ የሚያሳዝን ቢሆንም እውነቱ ይኸው ነው።

ጣሊያን ለኢትዮጵያውያን የነጂነት ትምህርት ቤት አልከፈተም። ይሁን እንጂ ጫኝ፣ አጣቢ፣ ጎማ ለዋጭ ያስፈልገው ስለ ነበረ ብዙ ወጣቶች ከመኪናው አጠገብ ዋሉ። የትምህርቱም መዝገብ እስከ ዛሬ ድረስ በጋራዥ ቋንቋችን ውስጥ ይገኛል፤ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ፍሬን፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ቸርኬ፣ ካቻቢቴ የምንላቸው ሁሉ ከጣሊያንኛ የተወረሱ ናቸው። መጽሐፍ ሳይኖር፣ አስተማሪው ለማስተማር ሳያስብ፣ ተማሪው በጆሮና በዓይን ያነሣቸው ቃላት ናቸው። የሥርዓተ ትምህርት ባለሙያ የሆነ ሰው ይህን የቃላት ዝርዝር ሲያይ ጥቂት ሊያፍር ይገባዋል፤ እኛ ሳንኖርበት ይህን ያህል ተምረዋልና።

ረዳትነት

ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ ወራሪው ትቷቸው የሄዱት መኪኖች በነጋዴዎች እጅ ገቡ። ትሬንታ ኳትሮ እየተባለ የሚጠራው የፊያት ካሚዮን፣ ቆይቶም ኤንትሬ የተባለው፣ የአገሪቱን ጭነት ለብዙ ዓመታት ተሸከሙ። ከእያንዳንዱ ካሚዮን ጋር አንድ ሾፌርና ቢያንስ አንድ ረዳት ነበረ። የጭነት መኪና ነጂነትን በኢትዮጵያ ከሁሉ በላይ ያስተማረው ይህ የረዳትነት ሥርዓት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከአንድ ትምህርት ቤትም፣ ከአንድ መሥሪያ ቤትም በላይ።

የረዳቱ ውሎ ምን ይመስል እንደ ነበር የቆዩ ሾፌሮች ሁሉ ያውቁታል። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ ውሃና ዘይት ያያል፣ ጎማውን በመዶሻ እየመታ በድምፁ ይመረምራል። ጭነቱ ሲጫን ይቆጥራል፣ ሸራ ያለብሳል፣ ገመድ ያስራል። ዳገት ላይ ሞተሩ የደከመ እንደ ሆነ ዘሎ ወርዶ ከኋላ ጎማ ሥር ታኮ ይጥላል፤ ይህን ሲያደርግ እጁን ያጣ፣ ሕይወቱንም ያጣ አለ። ማታ ሾፌሩ አልጋ ይዞ ሲተኛ እርሱ ከጭነቱ ላይ ወይም ከመኪናው ሥር ያድራል። መሪ የሚይዘው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። በመጀመሪያ በጋራዥ ግቢ ውስጥ መኪናውን ለማጠቢያ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማንቀሳቀስ ይፈቀድለታል፤ ቀጥሎም ሾፌሩ ሲደክመው፣ ሰውና ከብት በሌለበት ለጥ ባለ ሜዳ ላይ ጥቂት ኪሎ ሜትር ይሰጠዋል። እንደ ፎገራ ያለ ሜዳ ለዚህ ምቹ ነው።

አሁን ሒሳቡን እንመልከት። ረዳቱ በጥሬ ገንዘብ የከፈለው ነገር የለም፤ ምግቡን ከሾፌሩ ጋር ይበላል፣ አልፎ አልፎም የኪስ ይሰጠዋል። የከፈለው ዓመታቱን ነው። ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም ከዚያ የበለጠ ዓመት ያለ በቂ ደመወዝ የሠራው ሥራ የሥልጠናው ዋጋ ነው። መኪናው ባለቤት ደግሞ ርካሽ ጉልበት በማግኘቱ የነዳጁንና የጎማውን ብክነት አካካሰ። ክፍያው በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ የሚቀነስ በመሆኑ፣ አንዲት ሳንቲም የሌለው የባላገር ልጅ ወደ ሙያው ሊገባ ቻለ። ይህ የሥርዓቱ ትልቁ በጎ ጎን ነው፤ ዛሬ ያለነው ሰዎች በቀላሉ ልንንቀው አይገባንም።

ጉዳቱም ቀላል አልነበረም። ረዳቱ የሚማረው የሾፌሩን ችሎታ ብቻ ሳይሆን ልማዱንም ነው፤ ቁልቁለት ሲወርድ ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ የሚያወጣ ሾፌር ማርሽ የሚያወጣ ረዳት ያወጣል። ምልክት ማንበብ፣ የሞተሩን አሠራር በምክንያት ማወቅ፣ ክብደትን ከፍሬን ኃይል ጋር ማመዛዘን የሚያስተምረው አልነበረም። መቼ እንደሚያበቃም የሚታወቅ አልነበረም፤ መሪ የሚሰጠው በሾፌሩ ፈቃድ ብቻ ስለ ሆነ ስንቱ ረዳት ሆኖ አርጅቷል። ሴት ልጅ ደግሞ በጠቅላላው ከበሩ ውጭ ነበረች፤ ከመኪና ሥር ማደር የመግቢያ ክፍያ በሆነበት ሙያ እንዴት ትግባ?

አበዳሪ፣ ትምህርት ቤትና ጦር

በመስከረም 1943 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ 5 ሚሊዮን ዶላር ለመንገድ ሥራ አበደረ። በአፍሪካ ምድር ባንኩ ካበደራቸው ብድሮች ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ የሚመሩትም በመጀመሪያ አሜሪካውያን መሐንዲሶች ነበሩ። ኢትዮጵያውያንን አሠልጥኖ በውጭ ሰዎች ቦታ መተካት ከሥራው ዓላማዎች አንዱ ስለ ነበረ፣ በየካምፑ የገልባጭ መኪና ነጂና የከባድ መሣሪያ ኦፕሬተር በሥራ ላይ ሠለጠነ፤ በኋላም ባለሥልጣኑ ዓለም ገና ላይ የራሱ የማሠልጠኛ ማዕከል ኖረው። የክፍያው መልክ እዚህ ላይ ይለያል። የነጂው ትምህርት ከመንገዱ ዋጋ ጋር ተደምሮ ተቆጠረ። መንገዱ ለሠላሳ ዓመት የሚያገለግል ከሆነ ነጂውም እንደዚሁ ነው በሚል ሒሳብ፣ ዕዳው በረጅም ዘመን በሕዝቡ ሁሉ ተከፈለ። ተማሪው በሚማርበት ጊዜ ደመወዝ ነበረው። ጉድለቱ ቁጥሩ ነው፤ ባለሥልጣኑ ለራሱ የሚበቃውን ያህል እንጂ ለአገር ንግድ የሚበቃውን ያህል አላሠለጠነም፣ ሊያሠለጥንም አልተቋቋመም።

የመደበኛው ትምህርትስ ምን አደረገ? አዲስ አበባ ላይ በ1934 ዓ.ም. የተከፈተው የተግባረ እድ ትምህርት ቤት፣ በሶቪየት ኅብረት ርዳታ በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት፣ እነዚህና እነዚህን የመሳሰሉት መካኒኩን፣ ብየዳ ሠራተኛውን፣ የግብርና መሣሪያ ባለሙያውን ተቀብለው አስተማሩ። ነጂውን ግን ለመንገድ ተዉት። ንቀት ብቻ ነበር ማለት አይቻልም፤ ምንም እንኳ ንቀት ባይጠፋም። የወጪው ተፈጥሮ ራሱ አስቸጋሪ ነው። በአንድ ክፍል አርባ ተማሪ አንድ መምህር ያዳምጣል፤ በአንድ የጥገና ክፍል አንድ ሞተር ዐሥር ተማሪ ይፈታዋል ይገጥመዋል። መሪ ግን በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ ሰው ነው። እርሱ በያዘበት ሰዓት ሁሉ ነዳጅ ይቃጠላል፣ ጎማ ያልቃል፣ ፍሪሲዮን ይበላል። ስለዚህ የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች «የአንድ ተማሪ ወጪ» የሚለውን ዓምድ ባዩ ቁጥር ነጂነት ከገበታው ወደቀ። በዚያ ዓምድ የማይታየው ያልሠለጠነ ነጂ በየቁልቁለቱ የሚያስከፍለው ዋጋ ነው፤ ያ ሒሳብ በሆስፒታልና በመድን ድርጅት መዝገብ እንጂ በትምህርት መዝገብ አይጻፍም።

በ1964 ዓ.ም. መግቢያ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቻይናን ከጎበኙ በኋላ በተገኘው ብድር የወረታ-ወልድያ መንገድ ተቀየሰ። ሥራው በ1960ዎቹ መጨረሻ በቻይናውያን መሐንዲሶች ተጀምሮ በ1970ዎቹ አጋማሽ ተጠናቀቀ፤ ርዝመቱ ከ300 ኪሎ ሜትር አያንስም። ወረታ መንታ መንገድ ላይ የተቀመጠች ከተማ የሆነችው ከዚህ በኋላ ነው። በዚሁ ዘመን የጭነት ማመላለሻው ሥራ በአብዛኛው በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ገባ፤ የግል ባለ መኪናዎችም በቀጠና ተደራጅተው በተራና በታሪፍ የሚጭኑ ሆኑ። የብሔራዊው የትራንስፖርት ኮርፖሬሽን ነጂዎች የወር ደመወዝተኞች ነበሩ።

ነጂ በብዛት ያወጣው ግን ጦሩ ነው። ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ በምሥራቅና በሰሜን ለተደረጉት ጦርነቶች ዚል፣ ኡራልና ሌሎችም የሶቪየት መኪኖች በገፍ ገቡ፤ ከምሥራቅ ጀርመን አይፋ መጣ። የገበሬ ልጅ በአጭር ጊዜ ሥልጠና መሪ ያዘ። የ1977 ዓ.ም. ረኃብ በደረሰ ጊዜም እህል ወደ ወሎና ወደ ትግራይ የማድረሱ ሥራ ምን ያህል በመኪናና በነጂ እጥረት እንደ ተቸገረ የሚዘነጋ አይደለም፤ የዓለም የምግብ ፕሮግራም የራሱን የትራንስፖርት ሥራ በኢትዮጵያ ለማቋቋም የተገደደውም በዚሁ ምክንያት ነው። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን መሪ የሚያውቁ ብዙ ወታደሮች ወደ ሲቪል ሥራ ወጡ፤ በ1980ዎቹ የአገሪቱ ጭነት በከፊል የተነዳው በእነርሱ ነው። ባለ መኪናው ያለ ክፍያ የሠለጠነ ሰው አገኘ። ክፍያው የተፈጸመው ግን በጦር በጀት ነበር፤ ከዚያም በላይ በማይመለሱት ልጆች።

ሁለት ጊዜ የሚከፍል ተማሪ

በ1984 ዓ.ም. የቀጠናው ሥርዓት ቀርቶ የጭነት ገበያው ነጻ ሆነ። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት በመነሣቱ የአሰብ መንገድ ተዘግቶ የአገሪቱ ወጪና ገቢ ዕቃ በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ ጅቡቲ ዞረ። መንገድ ተሠራ፣ መኪና በዛ፣ የነጂ ፍላጎት ጨመረ። የግል ማሠልጠኛዎችም በየከተማው ተከፈቱ። ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ደረጃ ይሰጥ የነበረው የቀድሞው መንጃ ፈቃድ በአዋጅ ቁጥር 600/2000 ተለውጦ ሕዝብ ማመላለሻ፣ ደረቅ ጭነት፣ ፈሳሽ ጭነት እየተባለ በዓይነት ተከፋፈለ፤ ሥልጠናም በታወቀ ተቋም እንዲሰጥ ተደነገገ። ይህም አዋጅ ኋላ በቁጥር 1074/2010 ተተካ። ነጂነት በዚህ ዓይነት ሥርዓተ ትምህርት ኖረው፤ በንድፈ ሐሳብና በተግባር ተከፍሎ ይሰጣል፣ ፈተና አለው፣ ሴቶችም ይመዘገባሉ። ይህን እንደ እድገት መቁጠር ይገባል።

ግን የክፍያው ጊዜ ተለወጠ። ዋጋው ከሥራ በፊት፣ በጥሬ ገንዘብ፣ በአንድ ወይም በሁለት ጊዜ የሚከፈል ሆነ። ይህ ለደመወዝተኛ ቤተ ሰብ የሚያስቸግር ቢሆንም የሚቻል ነው። ለቁሐር ሚካኤል ገበሬ ግን ሌላ ነገር ነው። በፎገራ ሜዳ ሩዝ በ1970ዎቹ ከሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ጋር ከገባ ወዲህ የአካባቢው ዋና የገንዘብ ምንጭ ሆኗል፤ የሚታጨደውም በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ገንዘብ በገበሬው እጅ የሚገባው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባሉት ወራት ሲሆን፣ ከግንቦት ጀምሮ ያለው ለዘርና ለማዳበሪያ ይሄዳል። የማሠልጠኛው ምዝገባ ይህን የቀን መቁጠሪያ አያውቅም። ልጁ በሰኔ ቢመዘገብ አባት በሬ መሸጥ አለበት፤ በሬ የሸጠ ገበሬ ደግሞ በሐምሌ ሌላ በሬ ያማትባል፤ ወይም መሬቱን በእኩል ይሰጣል። በሩዙ መስፋፋት የግጦሹ መሬት ስለ ጠበበ የታወቀው የፎገራ ከብት ራሱ ቁጥሩ እየመነመነ መምጣቱ ሲታሰብ በሬው ምን ያህል ውድ እንደ ሆነ ይገባናል። ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀለቁ እንደ ሆነ፣ በ1998 ዓ.ም. ክረምት እንደ ደረሰው ሁሉ፣ ሒሳቡ በሙሉ ይበላሻል።

የከፋው ከዚህ በኋላ ይመጣል። ልጁ ሠልጥኖ፣ ፈተናውን አልፎ መንጃ ፈቃዱን ይዞ ወደ ባለ መኪና ሲሄድ «ልምድ አለህ ወይ?» ይባላል። ባለ መኪናው ክፉ ስለ ሆነ አይደለም፤ በብድር የተገዛ ተሳቢ ያለው መኪና ለአዲስ ሰው አምኖ መስጠት ይከብደዋል፣ መድን ሰጪውም አይወድለትም። ስለዚህ ልጁ መንጃ ፈቃዱን በኪሱ ይዞ ረዳት ይሆናል። ታኮ ይጥላል፣ ሸራ ያለብሳል፣ ከጭነቱ ላይ ያድራል። አያቱ በጉልበት ብቻ የከፈለውን ትምህርት እርሱ አንድ ጊዜ በገንዘብ፣ አንድ ጊዜ በጉልበት ይከፍላል ማለት ነው። አዲሱ ሥርዓት አሮጌውን አልተካውም፤ በላዩ ላይ ተጨመረ። በእኔ አስተያየት የዛሬው የነጂ ሥልጠና ችግር ሥሩ እዚህ ነው፤ የክፍያው መጠን ቢቀንስ እንኳ በዚሁ ሁኔታ ብዙ አይለወጥም።

ይህ ዕጣ በሌሎች ሙያዎች ላይ አልደረሰም። መምህር በማሠልጠኛ ተቋም በመንግሥት ወጪ እየኖረ ተምሮ በአገልግሎት ግዴታ ሲከፍል ኖሯል፤ ይህን መጽሔት ከምናነበው መካከል በዚህ መንገድ ያለፍን ብዙ ነን። በዚሁ በወረታ ከተማ በሚገኘው የግብርና ኮሌጅ በ1990ዎቹ የልማት ሠራተኞች በመንግሥት ወጪ ሠልጥነው ወደ የቀበሌው ተሠማርተዋል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪም ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በወጪ መጋራት ሥርዓት ድርሻውን እንዲከፍል የተደረገው ተመርቆ ሥራ ከያዘ በኋላ ነው። እንግዲህ ከአንድ ቤት ከወጡ ሁለት ወንድማማቾች፣ ኢኮኖሚክስ የሚማረው ከደመወዙ ላይ ቀስ እያለ ሲከፍል፣ የማዳበሪያ ጭነት የሚያመጣለት ወንድሙ በሬ አሽጦ በቅድሚያ ይከፍላል። ለዚህ ልዩነት በቂ የሚባል የትምህርት ምክንያት ለማግኘት ሞክሬ አላገኘሁም፤ ያለው ምክንያት የታሪክ ነው። ነጂነት ወደ መደበኛ ትምህርት የገባው በኋላ በር፣ በንግድ ፈቃድ ስለ ሆነ፣ ለተማሪ የሚሰጠው ድጋፍ አላገኘውም።

የሌሎች አገሮች ልምድ

ይህን ቋጠሮ በልዩ ልዩ መንገድ የፈቱ አገሮች አሉ። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1964 ባወጣችው የኢንዱስትሪ ሥልጠና ሕግ መሠረት ለየኢንዱስትሪው ቦርድ አቋቁማ፣ ከቦርዶቹም አንዱ ለመንገድ ትራንስፖርት ሆኖ፣ ከድርጅቶች መዋጮ እየሰበሰበ ለሚያሠለጥኑት ይመልስ ነበር። የሌላውን የሠለጠነ ሰው እየወሰደ ራሱ ለማያሠለጥን ድርጅት ይህ መልካም ልጓም ነው። ነገር ግን ትልልቅ ድርጅቶችን የሚመለከት ነበር፤ ባለ አንድ መኪናው የሚበዛበትን እንደ እኛ ያለ አገር ሙሉ በሙሉ አይመስልም።

ወደ እኛ የሚቀርበው የብራዚል ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣ ሕግ ብራዚል ለትራንስፖርት ሠራተኞች ማኅበራዊ አገልግሎትና ሥልጠና የሚሰጡ ሁለት ተጣማጅ ተቋሞች መሠረተች። ገንዘባቸው የሚመጣው ከትራንስፖርት ድርጅቶች የደመወዝ መዝገብ ላይ ከሚቆረጥ መዋጮ ሲሆን፣ በራሱ መኪና የሚሠራው ነጂም የድርሻውን ያዋጣል። ማለትም ዛሬ ጭነት የሚያነሣው መኪና ለነገው ነጂ ይከፍላል። ወጪው ከልጁ አባት በሬ ላይ ተነሥቶ በሙያው ላይ ዐረፈ። መዋጮው በየጭነቱ ሲከፋፈል እጅግ ጥቂት ነው፤ ሸማቹም በሩዙና በሲሚንቶው ዋጋ ውስጥ ሳያውቀው ይከፍለዋል።

በአገራችን ይህን የመሰለ መዋጮ ለመሰብሰብ መሣሪያው የለም የሚል ሰው ይኖራል። የጭነት መኪናዎች ግን በማኅበር የተደራጁ ናቸው፣ ዓመታዊ ምርመራ አለ፣ ቦሎ ይለጠፋል። በወረታ ደግሞ ደረቅ ወደብ ተከፍቷል፤ ጭነት የሚቆጠርበት ቦታ አለ ማለት ነው። ይልቅስ አስቸጋሪው ገንዘቡ ለምን እንደሚውል መወሰን ነው፤ በዚህም ላይ ዕቅድ አውጪዎችንና መምህራንን የሚመለከት ጥቂት ነገር ልበል።

ማሠልጠኛው ገንዘብ ባጠረው ጊዜ መጀመሪያ የሚቆርጠው የመሪ ሰዓትን ነው፤ ነዳጅ የሚበላው እርሱ ነውና። ከመሪ ሰዓትም መጀመሪያ የሚቀረው ተዳፋት ላይ የሚሰጠው ነው። በፎገራ ሜዳ ላይ የሚያሠለጥን ሰው ልጁን በለጥ ያለ መንገድ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ በጠባብ ቦታ ማቆምን አስተምሮ ለፈተና ሊያበቃው ይችላል። ነገር ግን ወረታ ከባሕር ጠለል 1800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትሆን፣ 42 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ደብረ ታቦር 2700 ሜትር ያህል ላይ ናት። በዓለም ሳጋ በኩል ሽቅብ የወጣው መኪና ሲመለስ ማዳበሪያ ባይሆን ድንች ጭኖ ይወርዳል። ከዚያም ርቆ የሄደው የዲልብን ቁልቁለት ያገኘዋል። ጭነት በያዘ መኪና ቁልቁል መውረድ፣ ማርሽን በጊዜው መቀነስ፣ ፍሬን እንዳይግል በሞተር መያዝ በሜዳ ላይ በቃል የሚነገር ትምህርት አይደለም። አሮጌው ረዳትነት ይህን፣ ከነጉድለቱ፣ ያስተምር ነበር። አዲሱ ሥርዓት ለረዳትነቱ ዘመን ስምና ሒሳብ ቢሰጠው፣ ይኸውም ከማሠልጠኛ የወጣው ልጅ በታወቀ ጊዜ ውስጥ፣ በታወቀ ደመወዝ፣ በተመረጠ ሾፌር ሥር፣ ሰዓቱ በመዝገብ እየተጻፈ ተዳፋት መንገድ ቢነዳ፣ ባለ መኪናው የሚጠይቀውን ልምድ ይዞ ይወጣል። ለሾፌሩ የማስተማሪያ አበል፣ ለባለ መኪናው የነዳጅና የመድን ማካካሻ፣ ለልጁም ከመጀመሪያ ደመወዙ በኋላ የሚጀምር የብድር መክፈያ ከመዋጮው ሊሸፈን ይችላል። ምዝገባውም ከሩዝ አጨዳ በኋላ፣ በጥር ቢሆን ለማሠልጠኛውም ለገበሬውም ይቀላል።

ለሁለተኛ ደረጃ መምህራን የሚቀረው ሥራ አነስተኛ መስሎ ይታያል፤ በፊዚክስ ክፍል የፍጥነትን፣ የክብደትንና የሰበቃን ትምህርት ሲያስተምሩ ምሳሌያቸውን ከመጽሐፉ ባቡር ወደ ዓለም ሳጋ ቁልቁለት ቢያመጡት፣ በመስኮት በኩል የሚታየው 400 ኩንታል የጫነ ተሳቢ በምን ያህል ርቀት ሊቆም እንደሚችል ተማሪዎቹ በራሳቸው ደብተር ያሰሉታል። ከእነርሱ መካከል ነገ መሪ የሚይዙ አሉ፤ ያ ሰዓት ደግሞ ነዳጅ አይጠይቅም።